ከኮርቻው ሥር የተገኘ ደብዳቤ

ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ሃያ ቀን ሞላው። በእነዚያ ሃያ ቀናት ካቴና የፖስተኛውን ብስክሌት ሠርታለች፣ የዳቦ አመላላሹን ሁለት ጊዜ ጠግናለች፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እየገፋ ያመጣውን ቅራቅንቦ እንኳ ነፍስ ዘርታበት ሸኝታለች። ያንን አንዱን ግን አልነካችውም። ጠዋት ስትገባ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ ማታ ስትወጣም እንዲሁ።

ካቴና፣ የብስክሌት ሰንሰለት ማለት፣ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ከአባቷ ጋር ብስክሌት ስለምትጠግን ነው የሚሉ አሉ። በደንብ የሚያውቋት ደግሞ፣ «የለም፣ ቂም ከያዘች ስለማትለቅ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ነበር። የበጋው ፀሐይ የሱቁን ቆርቆሮ እያንጣጣው ነው። አባቷ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያረጀ ካላማዳሪያ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ በመቀስ ይቆራርጣሉ፤ ለመለጠፊያ የሚሆን ቁራጭ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን አሁንም አይሳሳትም።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ያ ሚስማር ያስፈልገኛል።»

«የትኛው ሚስማር?»

«የመሐንዲሱ ብስክሌት የተሰቀለበት። ወይ ሥሪውና ይሂድ፣ ወይ አውርጂው። ያኮረፈ ሰው አይቻለሁ፤ ያኮረፈ ብስክሌት ግን አይቼ አላውቅም።»

«እንዳልተሠራ መጥቶ ይውሰደው።»

«ከዚህ ቤት ሳይሠራ የወጣ ብስክሌት የለም። እኔ ስሞት እንደፈለግሽ ታደርጊያለሽ።»

አባቷ ሞትን ከጠሩ ክርክሩ አበቃ ማለት ነው።

መሐንዲሱን ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የመንገድ ቀያሽ ነው፤ የተማረ፣ የደላው ቤት ልጅ። ከፊትም ከኋላም እንቅጥቅጥ የሚያበርድ ሞላ ያለው፣ ሃያ ምናምን ማርሽ የሚቀያይር ብስክሌት እየገፋ መጣ። ተራራው ላይ ማርሹ ተሰባብሮበት፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። እሷ ብስክሌቱን አገላብጣ አየችውና፣ «ይሄ ለዚህ ተራራ አይሆንም። በጣም ብልጥ ነው። አቧራ ደግሞ ብልጥ አይወድም» አለችው። ከልቡ ሳቀ። የወደደችው ያን ሳቅ ነው።

ከአሮጌ ብረት አንድ ብስክሌት ገጣጥማ ሠራችለት። ሞላ የለውም፤ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ጎማው ወፍራም። የሚበላሽ ነገር ስለሌለው አይበላሽም። አያያዙንም አስተማረችው። በበጋ ካቴናው ላይ ዘይት እንዳያበዛ፣ «ዘይትና አቧራ ከተጋቡ የሚወልዱት ሞረድ ነው» እያለች። በሙቀት ጊዜ ጎማው ከልክ በላይ እንዳይነፋ። በየወሩ ኮርቻው ተነቅሎ፣ የሚቆምበት ቱቦ ተጠርጎ ግራሶ እንዲቀባ። ይህን የመጨረሻውን ግን እሱ አንድም ቀን አድርጎት አያውቅም፤ ኮርቻ የምትነቅለው ሁልጊዜ እሷ ናት። በየእሁዱ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐዩ ሳይከርር፣ አብረው ተራራውን ይወጣሉ። ከጫፉ ያለው የከተማው ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፤ አንዳንዴም ዝም ይላሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ ያ ምሳ መጣ።

«እናቴ ትወቅሽ። እሁድ ምሳ እኛ ቤት ነሽ» አላት።

እናቱ የትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አይተው ማርክ የሚሰጡ ዓይነት። ካቴና ለዚያ ምሳ ክሬም ቀለም ያለው ቀሚስ አሰፋች። ጥፍሯ ሥር የገባውን ግራሶ ለማስለቀቅ ሁለት ቀን ሙሉ እጇን በሎሚና በጨው ስትፈትግ ከረመች። ስትገባ አሥራ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ከቦ ተቀምጧል።

«እሷ ደግሞ ማናት?» አሉ እናቱ።

መሐንዲሱ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ደግሞ ከፈተ። «ብስክሌቴን የምትሠራልኝ ልጅ ናት» አለ።

የእናቱ ፊት ፈታ አለ። «እንኳን መጣሽ ታዲያ። የልጅ ልጄ ብስክሌት ፔዳሉ ተንገዋልሎ ጓሮ ወድቋል። ከመቀመጥሽ በፊት እስቲ አንዴ እይልኝ።»

ካቴና መሐንዲሱን አየችው። እሱ ሳህኑን አየ።

ጓሮ ሄደች። ለምን እሺ እንዳለች እስከ ዛሬ አይገባትም፤ እግሯ ወሰዳት። በክሬም ቀሚሷ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ፣ ከዘበኛው በተዋሰችው ፒንሳ ፔዳሉን አጠበቀችው። እጇን ቧንቧ ላይ ታጥባ ቀና ስትል፣ በመስኮቱ ውስጥ ምሳው ተጀምሮ አየች። ለእሷ በተቀመጠው ወንበር ላይ የመሐንዲሱ አክስት ቦርሳቸውን አኑረውበታል። በጓሮው በር ወጥታ ሄደች። ተከትሏት የወጣ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ፣ እሷ ዕቃ ልትገዛ በወጣችበት፣ መሐንዲሱ ብስክሌቱን አምጥቶ ለአባቷ ሰጠ። ስትመለስ አባቷ መልእክቱን አደረሱ፤ «ኮርቻው ሲጢጥ ይላል ብሏል። አደራ ኮርቻውን ትየው ብሏል።»

ልቧ የተቆለፈው ያኔ ነው። በአሥራ አንድ ሰው ፊት ሠራተኛው ካደረጋት በኋላ፣ ሳይውል ሳያድር ሥራ ላከላት። ስልኩን ዘጋችበት። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያያት ዓይን ለዓይን ተጋጩ። መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር ፊቱ። የምን መልስ እንደሚጠብቅ አልገባትም። ጀርባዋን ሰጠችው። ዘወር ስትል የለም፤ ያኔም ደግሞ «እንዴት ይሄዳል» ብላ ተናደደች።

አሁን ብስክሌቱን ከግድግዳው አወረደችው፤ ጎትታ ጣለችው ማለት ይቀላል። ካቴናውን ፈትታ በቤንዚን አጠበችው፤ በጨርቅ ስትፈትገው አንገት የምታንቅ ትመስል ነበር። የፍሬኑን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ላገችው። የጎበጠውን ቸርኬ አቃናች። ጎማውን ስትነፋ ፓምፑን ቁልቁል እየደቃችው፣ ጎማው እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ልብም አላለችው።

«ቀስ» አሉ አባቷ። «ያስቀየመሽ ሌላ፣ የምትመቺው ሌላ።»

«እሱን የምመታበት ቦታ ካለ ይንገሩኝ፤ እሄዳለሁ።»

መጨረሻ ላይ ኮርቻውን ነቀለችው። ቱቦውን ልትጠርግ ጣቷን ስትሰድ ወረቀት ነካች። ተጠቅልሎ፣ ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ ታስሯል። የመሐንዲሱ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ካርታ ጽሑፍ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ።

«ደጋግሜ ብደውል አላነሳሽም፤ አልፈርድብሽም። ኮርቻ ሳትነቅይ ብስክሌት እንደማትመልሺ ስለማውቅ እዚህ አኖርኩት። ትናንት እናቴ ማናት ስትል ምላሴ ተሳሰረ። ከዚያ የወጣው ቃል የእኔ ነው፤ አልክደውም። አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ለመንገድ ሥራ ወደ ጠረፍ ተመድቤያለሁ፤ ለሁለት ዓመት ነው። ከዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሰኞ እነሣለሁ። እስከዚያ ሦስት እሁዶች አሉ። በሦስቱም ከንጋት እስከ ሰባት ሰዓት ጋኑ ሥር እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ካልመጣሽ አንብበሽ እንደጠላሽኝ አውቄ ዳግም አላስቸግርሽም። እወድሻለሁ። ይህን መናገር የነበረብኝ ትናንት ነበር፣ በአፌ።»

ግድግዳ ሰዓቱን አየች። አምስት ተኩል። ሦስተኛው እሁድ ዛሬ ነው።

መጀመሪያ የቅባት ጣሳው ላይ ተቀመጠች። ደብዳቤውን እንደገና አነበበችው። ሁለተኛውን ጊዜ አንብባ ስትጨርስ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቷ።

«ይቅርታ ይላል።»

«ታዲያ ምን ያስቆጣሻል?»

«ቱቦ ውስጥ ነዋ ያለው፤ አባዬ። ቱቦ ውስጥ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ።»

የራሷ ብስክሌት ጎማው ተፈትቶ ነበር። የመሐንዲሱን ኮርቻ መልሳ ለቁመቷ ዝቅ አደረገችና ይዛው ወጣች።

«በዚህ ፀሐይ?» አሉ አባቷ ከኋላዋ።

«ፀሐዩ ራሱ ይቻለኝ» አለች።

በዚያ ሰዓት ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው የለም። መንገዱ ነጭ አቧራ ነው፤ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ግሏል። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ዳገት ላይ አያባብልም፤ ወይ ትረግጪዋለሽ ወይ ትወርጃለሽ። ካቴና ተነሥታ ቆማ፣ በሙሉ ክብደቷ ፔዳሉን እየደፈቀች ወጣች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ያቃጥላታል። በየጥምዝምዙ የምትለውን ታዘጋጃለች። በመጀመሪያው ጥምዝ፣ «አንተ ፈሪ» ልትለው ወሰነች። በሁለተኛው፣ ፈሪ የሚለው ቃል እንደሚያንስ ተሰማት። ሦስተኛው ላይ ከላይ የሚወርዱ ሁለት ብስክሌተኞች አገኘች።

«አሁን ነው የምትወጪው?» አላት አንዱ ደንግጦ። «ፀሐይ ይመታሻል እኮ።»

«ይሞክረኝ» ብላው አለፈች።

ጋኑ ዘንድ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። መሐንዲሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ለመውረድ ተነሥቷል። ብስክሌት ስለሌለው የመጣው በእግሩ ነው። ሲያያት ቦርሳው ከትከሻው ወደቀ። ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ከንፈሩን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። ልቧ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደ። እሷ ግን ባለችበት ቆመች።

«መጣሽ» አለ።

«ቆይ፤ መጀመሪያ ልተንፍስ» አለችው።

ቆየ። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁለቱም ተፋጠው ቆሙ።

«ሁለቱን እሁድ ቀረሽ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬም የማትመጪ መስሎኝ ነበር።»

«ያነበብኩት ዛሬ ነው። ከመምጣቴ በፊት።»

«ዛሬ?» ዓይኑ ፈጠጠ። «አንቺ እኮ ኮርቻ ሳትነቅይ አንድ ብስክሌት አሳድረሽ አታውቂም።»

«የአንተን አልነካሁትም።»

«ኮርቻውን ተመልከቺ ብዬ ላክሁብሽ።»

«ኮርቻው ሲጢጥ ይላል ብለህ ነው የላክህብኝ። ከዚያ ምሳ በማግስቱ። ምን እንድል ነበር? እሺ ጌታዬ፣ እንድል?»

ነገሩ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲገባው አየችው። «ያንን አላሰብኩትም» አለ።

«ማሰብማ የት ታውቅና።»

አሁን እሱም ጋለ። «እኔስ ሰው አይደለሁም? መንገድ ዳር እንደ ለማኝ ቆሜ አየሁሽ፤ ጀርባሽን ሰጠሽኝ። አንብበሽ የናቅሽኝ መስሎኝ እህል እንቢ አለኝ። ስንት ቀን ሳልበላ እንደዋልኩ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ያልበላሁት ምሳ ይበልጣል።»

ከዚያ በኋላ ከአፏ የመጣው ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም። መንገድ ሙሉ ካዘጋጀችው አንዱም ቃል አልነበረም። ድምፅዋም አልጮኸም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ።

«ስድቡን በአሥራ አንድ ሰው ፊት ሰጠኸኝ። ይቅርታውን ቱቦ ውስጥ ደበቅህልኝ። ስታዋርደኝ ጠረጴዛ ላይ፣ ስትወደኝ ኮርቻ ሥር። እኔ ለዚህ ነው እጄን በሎሚ የፈተግሁት? ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ጋን ሥር ስታወራኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለካ እዚህ የሚያየን ሰው ስለሌለ ነው።»

«እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«እግርሽ ላይ ልውደቅ» አለ። «ብያለሁ፤ እወድቃለሁ።»

«እዚህ? ማን ሊያይ? ጋኑ ሊመሰክር?» ወደ ከተማው ቁልቁል አመለከተች። «ዛሬም እሁድ ነው። እናትህ ቤት ምሳ ላይ ናቸው።»

በእርግጥም ምሳ ላይ ናቸው፤ ያውም የእሱ መሸኛ ነው። መሐንዲሱ ወደ ከተማው አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጫማው ወረደ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ እሷ ግን ያንን አወራረድ ታውቀዋለች፤ ሳህን ላይ ሲወርድ አይታዋለች።

«አየህ?» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። እንባዋን ሳያይባት ብስክሌቱን አዙራ ቁልቁል ለቀቀችው።

በንዴት የሚወርድ ሰው መንገድ አያይም። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ የፊት ጎማው ሹል ድንጋይ መታ። እንደ ድንጋይ የጠጠረው ጎማ መተጣጠፍ አልቻለም፤ ፊሽሽ አለና ብስክሌቱ ተንሸራተተ። በክርኗ አቧራው ላይ ተፈጠፈጠች። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ሰውን ስታስተምር የኖረችውን ራሷ ረስታ በሙቀት ጎማ አጥብቃ ነፍታለች። ይህን ማወቋ ደግሞ ከውድቀቱ ይልቅ አንገበገባት።

ኮቴ ሰማች። መሐንዲሱ እየተንሸራተተ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ሮጦ ደረሰ። «ተጎዳሽ?»

«አትንካኝ።»

አልነካትም። ክርኗን አየ፤ ተልጧል እንጂ አልተሰበረም። መሐረቡን አጠገቧ አስቀመጠና ወደ ብስክሌቱ ዞረ። ከኮርቻው ኋላ ከምትንጠለጠለው ቦርሳ መፍቻውን፣ መለጠፊያውንና ትንሿን ፓምፕ አወጣ። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው። ተንበርክኮ ጎማውን ይፈታ ጀመር።

ካቴና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየችው። ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ ካላማዳሪያውን በመፍቻው ቆነጠጠው፤ አንድ ቀዳዳ የነበረው ሁለት ሆነ። ምላሷን ነከሰች። ቀዳዳዎቹን በምራቁ እያረጠበ ፈለገ፤ አገኘ። ማጣበቂያውን ቀባና ሁለቱንም በሚሸፍን ቁራጭ ሳይደርቅ ለጠፈው፤ ተላቀቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጥቃው ትሠራው ነበር። ዛሬ እጇን ከብብቷ ሥር ከትታ ተቀመጠች።

እንደገና ላገው፤ እንደገና ቀባው። አሁን ግን አልቸኮለም። ማጣበቂያው እስኪደርቅ እፍ እያለበት፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ቆየ። ለጥፎ በአውራ ጣቱ ተጭኖ እንደያዘው፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ልጅ ሆኜ የክፍል ጓደኛዬን ቤት አምጥቼ ነበር። አባቱ ጫማ ይሰፋሉ። እናቴ ምንም ክፉ ቃል አልተናገረችም። ‹ይሄ ልጅ የጫማዬን ተረከዝ መጠገን ያውቅበት ይሆን› አለች እንጂ። ሁለተኛ አልመጣም። እኔም አልጠራሁትም። እናቴን ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የምፈራት።» መለጠፊያውን ይበልጥ ተጫነው። «ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ይሄን ለሰው ስናገር ራሴን መስማት ያሳፍራል።»

«ያሳፍራል» አለች ካቴና።

«አዎ።» ጎማውን ቸርኬው ላይ መለሰ፤ ነፋው፤ በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ለሙቀት ይሄ ይበቃዋል?»

ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየች። «ይበቃዋል» አለች።

ተነሣ። ጉልበቱ ላይ ሱሪው ተቀዷል። «እንሂድ» አለ።

«የት?»

«ምሳ ላይ ናቸው አላልሽም?»

አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ፣ ብስክሌቱን መሐላቸው እየገፉ ወረዱ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከእናቱ ቤት ትልቁ በር ደረሱ። መኪኖች ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። ካቴና የለበሰችው የዚያን ቀን ቀሚሷን አይደለም፤ የሥራ ሱሪዋንና ላብ ያረጠበውን ሸሚዟን አየችና ቆም አለች። ጥፍሯ ጥቁር ነው። ክርኗ ላይ ደም ደርቋል። ወደ ኋላ ልትል ስትል መሐንዲሱ ብስክሌቱን በረንዳው ላይ አስደገፈና የፊት ለፊቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

ጠረጴዛው ሞልቷል። አክስትየው አሉ፤ ባለፈው የነበሩት ሁሉ አሉ። አባቱ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ እንደ ልማዳቸው ጥጉ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«የት ጠፍተህ ነው?» አሉ እናቱ። ከዚያ ከኋላው ያለችውን አዩ። «ሳትታጠብ ነው እንዴ እሷ የምትገባ?»

«እማ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህ ቤት ውሸት ተናግሬያለሁ» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይሰማል። «ማናት ስትዪኝ ብስክሌቴን የምትሠራልኝ ናት አልኩሽ። ሁለት ዓመት የወደድኳት ሴት ናት። ላገባት እፈልጋለሁ፤ እሷ ከፈቀደች፤ እስካሁን አልፈቀደችም። ያን ቀን ጓሮ ተንበርክካ ስትሠራ እኔ እዚህ ሾርባ እጠጣ ነበር። ሁለተኛ ሳህን አስጨምሬ ጠጥቻለሁ።»

ይህን ካቴና አላወቀችም ነበር። ደሟ እንደ አዲስ ፈላ። ግን ደግሞ ማንም ሳያስገድደው መናገሩን ልብ አለችው።

ማንኪያ የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም።

«ጨረስክ?» አሉ እናቱ።

«ጨረስኩ።»

«ነገ ትሄዳለህ። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ሁሉም ይረሳል።»

«እሄዳለሁ። ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ግን የምገባው እሷ እሺ ያለችበት ቤት ነው። እዚህ እሺ ካላለች እዚህ አልገባም።»

የእናቱ ፊት አልተለወጠም። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ የያዘችው እጃቸው ግን ጨርቁን ትጠቀልለው፣ ትፈታው ጀመር። ወደ ካቴና ዞሩ። «አንቺስ? ምን ትያለሽ?»

ሁሉም አዩዋት። ተራራውን ስትወጣ ለእሱ ያዘጋጀችው፣ ስትወርድ ለእሳቸው ያዘጋጀችው፣ ሁሉም ጠፋባት።

«ተቆጥቻለሁ» አለች። «በልጅዎ ተቆጥቻለሁ፤ በእርስዎ ደግሞ የባሰ። እሱ ፈርቶ ነው። እርስዎ ግን አይተው ነው። ያን ቀን ማን እንደሆንኩ ስገባ አውቀውታል፤ ቀሚሴን አይተዋል፤ እጄን አይተዋል። አውቀው ነው ጓሮ የላኩኝ።»

አክስትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቱ አልተንቀሳቀሱም።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «አውቄ ነው።»

እንደዚያ ብለው ያምናሉ ብላ አልጠበቀችም። «እንግዲያው ይወቁት» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ፤ «ይቅርታ ልጠይቅም ልለምንም አልመጣሁም። ንዴቴም አልበረደም፤ ዛሬ አይበርድም። ከነንዴቴ ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

«እኔም ተናድጃለሁ» አሉ እናቱ። «በቤቴ፣ በእንግዳ ፊት። እኔም ዛሬ አይበርድልኝም።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማንም ዓይኑን አልሰበረም። መሐንዲሱ መሐላቸው ቆሞ፣ ለአንድ ጊዜ ጫማውን አላየም።

ያን ጊዜ ጥጉ ላይ የተቀመጡት አባት ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። ማንንም ሳያዩ ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ቁም ሣጥን ሲከፈት ተሰማ፤ ተዘጋ። ሌላ ተከፈተ። አንድ ክዳን ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ።

«አንቺ» አሉ ከውስጥ፤ «በዚህ ቤት ሳህን የት ነው የሚቀመጠው?»

አርባ ዓመት በኖሩበት ቤት ነው ይህን የሚጠይቁት። እንግዶቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚቆጡ መሰለ። ሌላ ክዳን ወደቀ።

«በስተቀኝ ነው» አሉ እናቱ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ድምፃቸው የደከመ ነበር። «ከላይኛው መደርደሪያ። የአበባውን ሳህን አውጣ፤ የእንግዳውን።»

ካቴና ፊቷን እንዳጠቆረች ቆመች። ንዴቷ እዚያው ነው፤ አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ከሥሩ ግን ሳቅ መጣባት፤ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው። እንባዋን ልትውጥ ስትል ግን ቀደማት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጥፍሩ በጠቆረ እጇ ልትጠርገው እንኳ አላሰበችም።